ከሶሻል ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ፦ ያልተማረችውን ምዕራፍ ፈልጋ ያገኘች የአንዲት የማታ ተማሪ ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት በ2006 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቷን በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ አጠናቃ በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘች፣ ለዓመታት በሙያዋ ስትሠራ ከቆየች በኋላም በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ መሐል በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ሳይንስ የማታ ተማሪ ሆና የተመዘገበች ሴትን ይመለከታል። በስምምነታችን መሠረት የእሷም ሆነ የኮሌጁ ስም አይጠቀስም። እኔ ጉዳዩን የማውቀው በአስጠኚነት ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለናቹራልም ለሶሻልም ተማሪዎች ሒሳብ አስተምር ስለነበር፣ ሁለቱ ዘርፎች በመማሪያ መጽሐፉ ላይ የት ላይ እንደሚለያዩ በቅርብ አውቃለሁ። ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው፤ ተማሪዋም፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም፣ መምህሮቿም የጎደላትን ነገር በየፊናቸው ሲናገሩ የሰማሁ ሲሆን፣ ሁሉም ያመለከቱት ጉድለቱ ወደሌለበት ቦታ ነበር።

ወደ ኮሌጁ የገባችበት መንገድ

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት በዚያን ጊዜ አንድ ተማሪ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አልፎ መሰናዶ ሲገባ፣ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ ወይ በተፈጥሮ ሳይንስ ወይ በማኅበራዊ ሳይንስ ይማራል። ተማሪዋ ሶሻልን የመረጠችው ሒሳብ ስለከበዳት አልነበረም፤ በአሥረኛ ክፍል በሒሳብ ኤ ያመጣች ልጅ ነበረች። መርካቶ ውስጥ ሱቅ የነበራቸው አባቷ «ሒሳብ ሠራተኛ እንጀራ አያጣም» ስላሏትና የቅርብ ጓደኞቿም ወደዚያው ስላዘነበሉ ነው የሄደችው። መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ቅበላው 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስ በደለደለበት ዘመን ይህ ምርጫ ወደ ጠባቡ በር የሚወስድ ነበር፤ ነገር ግን በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ ፎርም ላይ የሚደረግ ምልክት ወደፊት የትኛውን ኮርስ እንደሚያስከፍል ለልጆቹ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው በእኔም ትምህርት ቤት አልነበረም።

ፒያሳ በሚገኘው መሥሪያ ቤቷ የደመወዝ ሒሳብ ስትሠራ ቆይታ፣ መሥሪያ ቤቱ በገዛው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ብልሽት በተፈጠረ ቁጥር ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ሲሰለቻት ፕሮግራሚንግ በራሷ መማር ጀመረች። ነገሩ ስለሳባት በሥርዓት ልማረው ብላ ለኮሌጁ አመለከተች። ዲግሪ ያላት በመሆኗ የመግቢያ ጥያቄ አልተነሳባትም፤ ሬጅስትራሩም የቀድሞ ትራንስክሪፕቷን ተመልክቶ እንግሊዝኛን፣ ሎጂክን፣ ሥነ ዜጋን እና በትራንስክሪፕቱ ላይ «ሒሳብ» የሚል ስም ያለውን ኮርስ ያዘላትና ከእነዚህ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች ነፃ አደረጋት። ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ስለሆነ ይህ ለእሷ ቀላል የማይባል ገንዘብ አትርፎላታል፤ ቤተሰቧም እንደ ድል ቆጠረው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አገሪቱ የፍሬሽማን ዓመትን በ2012 ዓ.ም. ስትመልስ፣ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀው የሒሳብ ኮርስ አራት ምዕራፎች እንዲኖሩት ተደርጓል፦ ሎጂክና ስብስብ፣ የሪል እና የኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሥርዓት፣ ፋንክሽኖች፣ እንዲሁም አናሊቲክ ጂኦሜትሪ። የናቹራል ተማሪ ይህንን ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ «የመሰናዶ ክለሳ ነው» እያለ ያጣጥለዋል፤ እውነትም ለእሱ ክለሳ ነው። ከሶሻል ለመጣ ሰው ግን ያልተማረውን ከሚማረው ጋር የሚያገናኘው ብቸኛው መተላለፊያ ነው። ተማሪዋ በመጀመሪያ ዲግሪዋ የወሰደችው ሒሳብ የወለድ ስሌት፣ ማትሪክስና ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ላይ ያተኮረ የፋይናንስ ሒሳብ ሲሆን፣ በክሬዲቱም በስሙም ከዚህኛው ጋር ስለሚመሳሰል እንደ አቻ ተቆጠረ። ስጦታ መስሎ የተሰጣት ነገር በመንገዷ ላይ የነበረውን መተላለፊያ አነሳባት፤ በመጀመሪያው ሴሚስተርም በቀጥታ ካልኩለስና ጄኔራል ፊዚክስ ተመደበላት።

የመጀመሪያው ፈተና

የመጀመሪያው የካልኩለስ ፈተና ከ20 ስድስት መጣ። ወደ እኔ የመጣችው ያንን ወረቀት ይዛ ነው፤ አስጠኚ ስትፈልግ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አገናኝቶን ነበር። «ጋሼ፣ ጭንቅላቴ ዝጓል መሰለኝ፤ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጬ እኔ ብቻ ነኝ የማይገባኝ» አለችኝ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ «እህቴ፣ ሶሻል ስለሆንሽ የካልኩለስ መሠረት የለሽም፤ ሊሚትን ከባዶ ጀምሪ» ብለዋት ስለነበር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት የሊሚት (አንድ ፋንክሽን ወደ ምን ዋጋ እንደሚጠጋ የሚያሳየው የካልኩለስ መነሻ) ማስታወሻ አስባዝታ ሌሊት ሌሊት ከመጀመሪያው ገጽ እያነበበች ነበር። የፊዚክሱ መምህር አስተያየት አጠር ያለ ነበር፦ ያለ ናቹራል ፊዚክስ አይሆንም።

ወረቀቱን ሳየው ግን የሚባለው ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ ሆነብኝ። ከአምስቱ ጥያቄዎች አንደኛው የአንድ ፖሊኖሚያል ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነት) ሲሆን ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች። ሌላው የተወሰነ ቆርቆሮ ተሰጥቶ ትልቁን ይዘት የሚይዘውን ሣጥን መጠን ፈልጉ የሚል ነው፤ እሱንም ዴሪቬቲቩን ዜሮ አድርጋ፣ የሁለተኛውን ዴሪቬቲቭ ምልክት አረጋግጣ፣ በንጹሕ አሠራር ጨርሳዋለች። አካውንቲንግ የተማረ ሰው የተጨማሪ አንድ ዕቃ ወጪን ሲያሰላ የኖረ ስለሆነ፣ ዴሪቬቲቭ ምን እንደሚለካ ከብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቿ በተሻለ ያውቃል። ባዶ የቀሩት ሦስቱ ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው ኤክስ ወደ ዜሮ ሲጠጋ፣ ከአንድ ላይ ኮሳይን ኤክስ ተቀንሶ ለኤክስ ስኩዌር ሲካፈል ያለውን ሊሚት ይጠይቃል። ዜሮ ተክታ፣ ዜሮ ለዜሮ አግኝታ፣ እዚያው ቆማለች። ከላይም ከታችም በአንድ ሲደመር ኮሳይን ኤክስ ማባዛት፣ ከዚያም የሳይን ስኩዌርና የኮሳይን ስኩዌር ድምር አንድ መሆኑን ተጠቅሞ ላይኛውን ወደ ሳይን ስኩዌር መለወጥ፣ ከዚያም ግማሽ የሚለውን መልስ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። እዚህ ውስጥ ሊሚት የሚባለው ሥራ የመጨረሻዋ መስመር ብቻ ናት፤ የቀረው ትሪጎኖሜትሪ፣ ማለትም የሳይንና የኮሳይን ሒሳብ ነው። ሌሎቹም ሁለት ጥያቄዎች እንደዚሁ በትሪጎኖሜትሪ የታጠሩ ነበሩ።

ስለዚህ የሊሚት ማስታወሻውን አስቀምጪው አልኳትና በእሷ ጊዜ ይሠራባቸው የነበሩትን የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት እንድታመጣ ጠየቅኋት። በቴሌግራም ስለሚገኙ በስልኳ አወረደቻቸው። መግለጥ ያስፈለገን ማውጫውን ብቻ ነው። በሁለቱ መጻሕፍት ካሉት 20 ምዕራፎች አሥራ አንዱ ለሁለቱም ዘርፍ የጋራ፣ አምስቱ ለተፈጥሮ ሳይንስ ብቻ፣ አራቱ ደግሞ ለማኅበራዊ ሳይንስ ብቻ ተብለው የተለዩ ናቸው። ሊሚትና ኮንቲኑዊቲ፣ ዴሪቬቲቭና አተገባበሩ፣ የኢንተግራል መግቢያ፣ ሲክዌንስና ሲሪስ፣ ማትሪክስና ዲተርሚናንት ሁሉም የጋራ ናቸው፤ ማለትም ኃላፊው «መሠረት የለሽም» ያሏትን ካልኩለስ እንደ ማንኛውም የናቹራል ተማሪ ተምራዋለች። ያልተማረቻቸው አምስቱ ደግሞ በስም ይታወቃሉ፦ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ቬክተርና የፕሌን ትራንስፎርሜሽን፣ እንዲሁም ከአሥረኛ ክፍሉ የሚቀጥለው ትሪጎኖሜትሪ፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ባለ ሦስት ዳይሜንሽን ጂኦሜትሪና ቬክተር፣ እና የሒሳብ ማረጋገጫ ዘዴዎች። «ሳይንስ አልተማርኩም» ሲባል ተራራ የሚያህለው ነገር በወረቀት ሲሰፈር አምስት ምዕራፍ ሆነ።

እነዚህ አምስት ምዕራፎች ቀላል ናቸው ማለቴ አይደለም። የሚያስቸግረውም ብዛታቸው ሳይሆን የሚጠሩበት አኳኋን ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ያልተማርከውን ምዕራፍ «ይህን ምዕራፍ እፈልጋለሁ» ብሎ አያስታውቅህም፤ በአንድ የመፍትሔ መስመር መሐል «ይህንንማ አሥራ አንደኛ ክፍል ታውቁታላችሁ» ብሎ ያልፈዋል። የሚያውቀው ተማሪ ያቺ ዓረፍተ ነገር መኖሯንም ልብ አይልም፤ የማያውቀው ደግሞ ከዚያች መስመር በታች ያለው ሁሉ ይጨልምበታልና ችግሩ ከታችኛው ትምህርት የመጣ ይመስለዋል። ተማሪዋ ሊሚትን እንደገና መጀመሯ የዚህ ውጤት ነበር።

የቀረቡት አማራጮች

በዚያ ሰሞን ዘመድም ጓደኛም የየራሱን ምክር ሰጣት። አንዱ ምክር በግል ተፈታኝነት ተመዝግባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ እንደገና እንድትፈተን ነበር። ይህ የማይረባ ምክር ነው የምለው በሁለት ምክንያት ነው። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሚሰጥ ሆኖ፣ ከ50 በመቶ በላይ ያስመዘገቡት በዚያ የመጀመሪያ ዙር 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በሥራ ላይ ያለ ሰው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ጨምሮ አጥንቶ ለዚያ ይቅረብ ማለት፣ በአምስት ምዕራፍ ፋንታ የሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ጫንበት ማለት ነው። ከዚህም ሌላ እሷ ቀድሞውኑ ኮሌጁ ውስጥ ገብታለች፤ የጎደላት ዕውቀት እንጂ የመግቢያ ወረቀት አልነበረም። ለማያልፉ ተማሪዎች የተጀመረው የሪሚዲያል ፕሮግራምም ዲግሪ ላለው ሰው የተሰናዳ አይደለም፤ ሞጁሎቹ ግን ጥሩ የመልመጃ ምንጭ ስለሆኑ ወስደን ተጠቅመንባቸዋል።

ሁለተኛው ምክር ሁሉንም ኮርስ ይዛ በአስጠኚ እየታገዘች እንድትገፋ ነበር። ሦስተኛው የእኔ ነው፦ ከሒሳቡ ኮርስ ነፃ መደረጓ እንዲሰረዝላት ታመልክት፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የፍሬሽማኑን ሒሳብ ከፍላ ትማረው፣ ለጊዜው ደግሞ ካልኩለሱንም ፊዚክሱንም በማመልከቻ ትተው። ነፃ መደረጉን ስለመሰረዝ ተስማማች። ሬጅስትራር ቢሮ ያሉት ሠራተኛ ማመልከቻዋን ሁለቴ አንብበው «እህቴ፣ ሰው ኮርስ ቀንሱልኝ ብሎ ነው እዚህ የሚሰለፈው፤ አንቺ ጨምሩልኝ ትያለሽ?» እንዳሏት በሳቅ ነግራኛለች። ኃላፊው ደብዳቤ እንዲጽፉ ተጠይቀው፣ ማውጫውን ይዛ ገብታ የትኛው ምዕራፍ በየትኛው ኮርስ ውስጥ እንዳለ ስታሳያቸው ያለ ክርክር ፈረሙላት። ለፍትሐዊነት ሲባል መጨመር ያለብኝ፣ ሰውየው ጉዳዩን በቸልታ አልያዙትም፤ ማንም ከዚያ በፊት ሁለቱን ማውጫዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አላሳያቸውም።

በቀረው ላይ ግን አልተስማማንም። ፊዚክሱን ተወች፣ ካልኩለሱን ግን አልተውም አለች። ክርክሯ እንዲህ የሚል ነበር፦ ሁለቱንም ከተውኩ ሴሚስተሩ በሙሉ ባዶ ይሆናል፣ አንዴ ከማታ ትምህርት የራቀ የሥራ ሰው ደግሞ መመለሱ ያጠራጥራል። እኔ በበኩሌ ከትራንስክሪፕት ላይ የማይነሳ ደካማ ውጤት ይዛ ከምትወጣ ብትቆይ ይሻላል ባይ ነበርኩ፤ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። እሷም አልቀየረችም።

የጥናቱ ሂደት

ቅዳሜና እሑድ ጠዋት እንገናኝ የነበረው አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በዚያ አካባቢ ላለ ተማሪ የንባብ ቦታ ማግኘት ቀሏል፤ ድሮ ተማሪ ቦታ ፍለጋ ከወመዘክር እስከ ስድስት ኪሎ ሲንከራተት አውቃለሁ። ቅደም ተከተላችን የመጽሐፉን አልተከተለም። የካልኩለስ ትምህርቱ እየሄደ ስለሆነ በመጀመሪያ ትሪጎኖሜትሪ፣ ቀጥሎ ቬክተር፣ ከዚያ ኮምፕሌክስ ቁጥር፣ በመጨረሻ የማረጋገጫ ዘዴዎች አልን።

ትሪጎኖሜትሪው ላይ የጠበቅሁት ችግር ፎርሙላ ማስታወስ ነበር። ያገኘሁት ሌላ ነው። አንድ ቀን የሠራችው መልስ ሁሉ ከመጽሐፉ መልስ ጋር አልገጥም ብሎ ከቆየ በኋላ ካልኩሌተሯን አየሁትና ራዲያን (ማዕዘንን በዲግሪ ፋንታ በቅስትና በሬዲየስ ንጽጽር የሚለካ መለኪያ) ላይ ተቀምጧል። ሳይን 30 ስትለው ግማሽ በመስጠት ፋንታ −0.988 ይሰጣታል። ማዕዘንን በዲግሪ ብቻ ለምዳ ስለቆየች፣ 30 የሚለው ቁጥር 30 ራዲያን ሊሆን እንደሚችል፣ ያም ማለት ክቡን ከአራት ጊዜ በላይ ዞሮ የሚያርፍ ማዕዘን እንደሆነ፣ አስባው አታውቅም። የካልኩለስ መምህሩ ደግሞ ያለ ምንም ማብራሪያ በራዲያን ነው የሚሠራው፤ የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን የሚሆነው ማዕዘኑ በራዲያን ሲለካ ብቻ ስለሆነ ምርጫም የለውም። ይህንን አንዲት ነጥብ በክብ ሥዕል ላይ የቅስቱን ርዝመት ከሬዲየሱ ጋር እያስተያየን ከጨረስን በኋላ የቀረው ትሪጎኖሜትሪ ከገመትነው በፍጥነት ሄደ። ፎርሙላውንማ ሸምድዳው ነበር፤ ያጣችው ፎርሙላው የሚያወራበትን መለኪያ ነው።

ቬክተር (መጠንም አቅጣጫም ያለው ነገር) ግን አዘገየን። የፊዚክስ ማስታወሻዋ ላይ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሥዕል አለ፤ የዕቃው ክብደት በሁለት ኮምፖነንት ይከፈላል፣ አንዱ በጣውላው አቅጣጫ፣ ሌላው ለጣውላው ቀጥ ያለ። ተማሪዋ ሳይኑንና ኮሳይኑን ሁልጊዜ ታለዋውጣቸው ነበር፤ ዛሬ በትክክል ትሠራለች፣ በሳምንቱ ትገለብጠዋለች። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ተመሳሳይ ትሪያንግሎች ደጋግሜ ባሳያት ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ የረዳት የራሷ ሙያ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ወር ሲዘጋ የባንኩን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ሳያመሳክር አይፈርምም። «ይህንንስ ለምን አታመሳክሪም? ጣውላውን ሙሉ በሙሉ አጋድሚውና እይ» አልኳት። ጣውላው ሲጋደም ማዕዘኑ ዜሮ ነው፤ ዕቃው አይንሸራተትም፤ ስለዚህ በጣውላው አቅጣጫ ያለው ኮምፖነንት ዜሮ መሆን አለበት፤ በማዕዘን ዜሮ ዜሮ የሚሆነው ሳይን ነው። ጣውላው ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ ዕቃው በሙሉ ክብደቱ ይወርዳል፤ የ90 ዲግሪ ሳይን አንድ ነውና ይገጥማል። ከዚያ በኋላ አልገለበጠችውም፤ ይልቁንም በደረሰችበት ፎርሙላ ሁሉ ላይ ሁለቱን ጫፎች እየተካች መፈተሽ ልማድ አደረገችው። የናቹራል ተማሪዎች ይህንን ሲያደርጉ ብዙ አላየሁም፤ እነሱ የሚተማመኑት በለመዱት ሥዕል ነው።

ከሙያዋ ያመጣችው ሌላም ነገር ነበር። የቋሚ ንብረት እርጅናን በቀሪ ዋጋ ላይ ማስላት ለእሷ የዕለት ሥራ ነው፦ 100,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በየዓመቱ በቀሪው ላይ 20 በመቶ ሲቀነስለት 80,000፣ 64,000፣ 51,200 እያለ ይወርዳል። ኤክስፖኔንሺያል ፋንክሽን፣ የካፓሲተር ቻርጅ አወራረድና የራዲዮአክቲቭ ብስባሴ በአንድ ዓይነት ሕግ እንደሚሄዱ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ በር አላገኘሁም። ሲሪስን በተመለከተም የዓመታዊ ክፍያ ቀመርን ከጂኦሜትሪክ ሲሪስ አውጥታ ለክፍል ጓደኞቿ ሰሌዳ ላይ ያሳየችው እሷ ናት። «ሶሻል የመጣ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመጣው» የሚለው አነጋገር የሚያናድደኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ውጤቱ

የካልኩለሱ ውጤት ሲ ማይነስ ሆነ። የመጨረሻው ፈተና ከመጀመሪያው በእጅጉ የተሻለ ቢሆንም፣ የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ነጥብ አብሮ ተደምሮ ጎተታት። ወደሚቀጥለው ኮርስ ለማለፍ በቂ ነበር፤ ጂፒኤዋን ግን እስካሁን እንደያዘ ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር የፍሬሽማኑን ሒሳብ ከሊኒየር አልጀብራ ጋር ወሰደች። በመሐሉ ያላሰብነው ነገር መጣ፤ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲያነሳ መሥሪያ ቤቷ ቢሮውን ለቆ ወደ ሳር ቤት ተዛወረ። ከፒያሳ በእግር ትደርስበት የነበረው ክፍል፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ባለው የታክሲ ሰልፍ ምክንያት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት የማይደረስበት ሆነ፤ የአብዛኛውን ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ከጓደኞቿ ማስታወሻ ነው የምታሟላው። ይህም ሆኖ በፍሬሽማኑ ሒሳብ ኤ ማይነስ፣ በሊኒየር አልጀብራ ደግሞ ኤ አመጣች። ሁለተኛው ብዙ አላስገረመኝም፤ ማትሪክስን በአሥራ አንደኛ ክፍልም በፋይናንስ ሒሳብም የተማረች፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግን ደግሞ ናቹራሎቹ ያልወሰዱትን እሷ የወሰደች ናት። ፊዚክሱን በተከታዩ ዓመት ወስዳ ቢ አገኘች፤ ኮርሱ መካኒክስን ከመነሻው የሚያስተምር ስለሆነ፣ ቬክተሩ አስቀድሞ በእጇ ስለነበር፣ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ አለመማሯ እንደተፈራው አልጎዳትም። የቸገራት ኤሌክትሮማግኔቲዝም ላይ ሲደርስ ነው፤ እዚያ የሦስት ዳይሜንሽኑ ቬክተር በሙሉ ኃይሉ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ ያንን ምዕራፍ በጥድፊያ ነው ያለፍነው።

ጉዳዩን ለሌላ ሰው መመዘኛ ለማድረግ የሚያስብ ቢኖር ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ይህች ሴት በአሥረኛ ክፍል በሒሳብ ጎበዝ ነበረች፤ አምስቱ ምዕራፎች የተገነቡት በጠንካራ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል መሠረት ላይ ነው። ሎጋሪዝም፣ ፖሊኖሚያል ፋንክሽንና የመጀመሪያው ትሪጎኖሜትሪ ያሉት እዚያ ነው፤ እነሱ የጠፉበት ሰው ጉድለቱ አምስት ምዕራፍ አይሆንም፣ የሚጀምርበትም ቦታ ከአሥራ አንደኛ ክፍል መጽሐፍ ይቀድማል። ደግሞም ለአስጠኚና ለተጨማሪ ክሬዲት የምትከፍለው ደመወዝ ነበራት፤ ልጅ የምታሳድግ ብትሆን ቅዳሜና እሑዷ የእሷ ባልሆነ ነበር። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ በሚጠይቅ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በጤና ሳይንስ፣ ለመግባት ለሚያስብ የሶሻል ምሩቅ ይህ ጉዳይ ብዙ አይነግረውም፤ ኬሚስትሪ በማውጫ ላይ በአምስት ምዕራፍ ተለይቶ የሚጠቆም ክፍተት የለውም፣ ሁለቱ ዓመታት በሙሉ ናቸው የሚጎድሉት።

ኮሌጁ ከዚያ ወዲህ ከሌላ ዘርፍ የሚመጡ አመልካቾችን የሒሳብ ኮርስ አቻነት የሚወስነው ስሙንና ክሬዲቱን አይቶ ሳይሆን የኮርሱን ዝርዝር ይዘት አስቀርቦ እንዲሆን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሐሳብ አቅርበዋል፤ ሬጅስትራሩ ግን ከሌሎች ተቋማት የኮርስ ዝርዝር ማስመጣት ጊዜ ይወስዳል በሚል ገና አልተቀበለውም። ተማሪዋ በበኩሏ በመሥሪያ ቤቷ ያሉ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ለዚሁ ትምህርት ሲዘጋጁ፣ ከመመዝገባቸው በፊት ሁለቱን ማውጫዎች አስይዛ ወደ እኔ ልካቸዋለች። አንደኛው ሎጋሪዝም ላይ ስለተሰናከለ ከአሥረኛ ክፍል እንዲጀምር ነግሬዋለሁ፤ ሌላዋ ኮሌጁ ከሒሳቡ ኮርስ ነፃ እንዳያደርጋት አስቀድማ በጽሑፍ ጠይቃለች። ተማሪዋ ራሷ በአሁኑ ሴሚስተር የያዘችው ኒውመሪካል አናሊሲስና ፕሮባቢሊቲ ነው፤ ያንን የሦስት ዳይሜንሽን ቬክተር ምዕራፍም በክረምቱ እንደገና ልናየው ተቀጣጥረናል።